አቁም ያለው ማን ነው

ዊልስደን፣ ሎንደን
ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ለልጄ ለእድላዊት ፀሐዬ፤

የምናገረው እኔ አባትሽ ነኝ፤ የምትጽፈው ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ እታለማሁ ናት። ባለፈው የራሷን ሰላምታ ጨምራ «ጌታ ይባርክሽ፣ ጌታ ይጠብቅሽ» እያለች ግማሹን ወረቀት ጨረሰችው። ዛሬ እኔ ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ ተስማምተናል። እሷ ጴንጤ ናት፣ ምሳዋን በልታ መጥታለች። እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ሆዴ ባዶ ስለሆነ ነገሬም አጭር ነው።

ጤናዬን ጠይቀሻል። ደኅና ነኝ። የግራ ዓይኔን ጉም ለብሶታል፤ ሐኪሙ በጁላይ መጨረሻ ይገፈፋል ብሏል። ከዚህ በላይ ስለ ዓይን አልናገርም።

ስልክ ለምን አያነሡም ላልሽው፣ ስልክ አልወድም። በስልክ የተባለ ነገር ወዲያው ይጠፋል። ደብዳቤ ግን እታለማሁን ሦስት ጊዜ አስነብባታለሁ፤ የዘለለችው ካለ በሦስተኛው ይያዛል።

ይቆጡኛል ወይ ላልሽውም፣ አልቆጣም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመትሽ እዚህ አምጥቼ ያስተማርኩሽ ኦክላሆማ ሄደሽ አውሎ ነፋስ እንድታሳድጂ አልነበረም። አሁን ግን ነገሩ ገብቶኛል። የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ትልቅ ዲሽ ተተክሏል። ዲሹ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ዝናቡንና በረዶውን መትቶ ሲመለስ፣ ነፋሱ ወደ እናንተ ይምጣ ወይም ይሽሽ ይታወቃል። ይህን እኔ ድሮ አውቀው ነበር። ደብረ ሲና ዳገት ላይ ጉም ውስጥ ሆነን የሌላ መኪና ድምፅ ስንሰማ፣ ከቀጠነ እየመጣ ነው፣ ከወፈረ አልፎ እየሄደ ነው። የእናንተው ራዳር ያንኑ ጆሮ ለነፋስ ያደረገ ነው። ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልግ እንደነበር አላውቅም ነበር።

አሁን ራዳሩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ሆነሻል። አቁም ስትይ ሹፌሩ ያቆማል፤ እንሂድ ስትይ ይሄዳል። ይህ ሹመት ነው። ቤተ ክርስቲያን ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «የጭነት መኪና ላይ ናት» እላለሁ። ዶክተር ልትሆን ነው በሉ ትይኛለሽ። ዶክተርማ የሁሉም ልጅ ነው።

ሹፌርሽ ዴል ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው ብለሻል። እንግዲያው አንቱ በይው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ብለሽ አትመልሺልኝ። እሱ ሳይቀመጥ አትብዪ፤ ሲናገር አታቋርጪ፤ አንቱታ ይኸው ነው።

የአሰብ መንገድ ላይ የአቧራውን ነፋስ በምን ታውቁ ነበር ላልሽው፣ በግመል ነው። ግመሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጀርባቸውን ካዞሩ፣ እኛም የመኪናውን ጀርባ አዙረን መስኮት እንዘጋለን። እዚያ ግመል ከሌለ ላሞቹን እዪ።

አባትሽ ፀሐዬ፤ በእታለማሁ እጅ


ኦክላሆማ
ሜይ 11 ቀን 1997

ውድ አባባ፤

ከሁሉ በፊት ይቅርታዬ ይድረስዎ። ለፋሲካ ካርድ እንኳ ሳልልክ ቀረሁ። በምን ገደፍሽ ሳይሉኝ አይቀሩም፤ ቤንዚን ማደያ ውስጥ በተገዛ የእንቁላል ሳንድዊች ገደፍኩ። አይዘኑ፤ ጣፍጦኝ ነበር።

እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ሁሉም ደኅና ነው። ላሞቹን አይቻለሁ፤ ዘንድሮ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ባለፈው ሳምንት በረዶ ወርዶብን መኪናው ትንሽ ተጎድቷል። የፊት መስታወቱ ተሰበረ፣ ዲሹም ተጣመመ። ሰው አልተጎዳም፤ እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ዴል መኪናውን ጥሩ ቦታ ላይ አላቆመም ተብሎ ለጊዜው ከመኪናው ተነሥቷል። አሁን ጋራዥ ውስጥ የዩኒቨርሲቲውን መኪኖች ያጥባል። ጥገናው ሲያልቅ በሌላ ሹፌር እንወጣለን። የኔ ቦታ እንዳለ ነው።

ዓይንዎን እንዳያሹ። እትዬ እታለማሁን ሰላም በሉልኝ። ስለ እኔ አይስጉ፤ ደኅና ነኝ።

ልጅዎ እድላዊት


ዊልስደን
ሜይ 24 ቀን 1997

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንድ ገጽ አይሞላም። በዚያ አንድ ገጽ ውስጥ ደኅና መሆንሽን ሦስት ጊዜ ነግረሽኛል፤ እታለማሁ ቆጥራዋለች። ደኅና የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

በረዶው ምን ያህል ነበር እንዳልል ነው መሰለኝ የጋዜጣውን ቁራጭ ብቻውን በፖስታ የላክሽው። ብርቱካን የሚያህል በረዶ በፎቶግራፍ አየሁ። እሺ። ተርፈሻል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ በረዶው አልጠይቅሽም።

የምጠይቅሽ ስለ ሹፌሩ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዣለሁ። ፊደል አላውቅም፤ መኪና ግን ማንም አያስተምረኝም። ከዚህ በፊት በጻፍሽልኝ ደብዳቤ የት እንደሚቆም የሚያዘው ራዳሩ ላይ ያለው ሰው ነው ብለሻል። አሁን ደግሞ ዴል ጥሩ ቦታ ላይ አላቆመም ትያለሽ። ሁለቱ ደብዳቤ አይገጥሙም። እታለማሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስነበብኳት፤ እሷም አይገጥሙም ብላለች።

ስለዚህ መልሺልኝ። አቁም ያለው ማን ነው? እንሂድ ያለስ ነበር? ካለ፣ እንቆይ ያለው ማን ነው?

እታለማሁ ታነበዋለች ብለሽ ከሆነ፣ ታንብበው። እኔ ሌላ ዓይን የለኝም። ሰላምታ የለበትም ብለሽ አትዘኚ፤ ሰላምታው መልስሽን ይጠብቃል።

አባትሽ


ዊልስደን
ጁን 12 ቀን 1997

ልጄ እድላዊት፤ ሰላም ላንቺ ይሁን። አሁን ሰላምታ ይገባሻል።

ስምንት ገጽ ጽፈሽልኛል። እታለማሁ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አነበበችልኝ፤ በማግስቱም ደገመችልኝ። ለማንም እንዳትናገር አስምያታለሁ። እኛ አንምልም ብላ ነበር፤ ማለች።

የገባኝን ልናገር፤ ከሳትኩ አርሚኝ። መኪናው በቆመ ቁጥር አፍንጫው ወዴት እንደዞረ በኮምፓስ አይተሽ ለራዳሩ ቁጥር ትሰጪዋለሽ። እሱ ሰሜኑን ከደቡብ የሚለየው በዚያ ቁጥር ነው። ያን ቀን አንድ ቦታ ቆማችሁ ቁጥሩን ሰጠሽው። ከዚያ ተነሥታችሁ ሌላ ቦታ ስትቆሙ አዲሱን ቁጥር መስጠት ረሳሽ። መኪናው ዞሯል፤ ራዳሩ ግን እንዳልዞረ ያስባል። ስለዚህ በቀጥታ የሚመጣባችሁ አውሎ ስክሪኑ ላይ በሰሜን በኩል የሚያልፍ መሰለ። ዴል በዓይኑ አይቶ «ይሄ ወደኛ ነው፣ እንሂድ» አለሽ። አንቺ ስክሪኑን አምነሽ «ትንሽ እንቆይ» አልሽው። ቆየ። በረዶው ወረደ። አለቃችሁ ፕሮፌሰሩ በሌላ መኪና ደርሶ እዚህ ያቆመው ማን ነው ሲል ዴል «እኔ ነኝ ያቆምኩት» አለ። አንቺ ዝም አልሽ። ስሕተቱን በሦስተኛው ቀን ስታገኚውም ዝም አልሽ።

አሁን ራዳሩ የቀዳቸው ሥዕሎች ሌሎቹ መኪኖች ካዩት ጋር አልገጥም ስላሉ፣ ራዳሩ አስቀድሞ ተበላሽቶ ነበር ተብለው ሊጣሉ ነው። ዴልም በሴፕቴምበር ሊሰናበት ነው። ቁጥሩን ብትናገሪ ሥዕሉም ይቃናል፣ ዴልም ይመለሳል፣ ያንቺ ወንበር ግን ይሄዳል። እንዲህ አይደለም?

ዴል ለምን አልተናገረብኝም ብለሽ ትገረሚያለሽ። እኔ አልገረመኝም። መኪና የት ቆመ ሲባል የሚመልሰው መሪ የያዘው ነው። ሹፌር ሆኖ «ልጅቷ ናት» ብሎ ጣቱን አይቀስርም። ያንቺ ዝምታና የሱ ዝምታ አንድ አይደሉም።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያደረግሁትን ልንገርሽ። እታለማሁ፣ ጻፊ። ቀና ብለሽ አትዪኝ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ከአሰብ ጨው ጭኜ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ረዳቴ ሳህሌ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ። ሞተሩን አስነሣሁት። ማርሹ ሳይገባልኝ «አንሣ!» ብዬ ጮህኩ። ሳህሌ አነሣ። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ እኔ በበሩ ዘለልኩ፣ መኪናው ከነጨው ገደል ገባ። ባለመኪናው መጥቶ ምን ሆነ ሲለኝ «ረዳቱ ሳይታዘዝ ታኮ አነሣ» አልኩት። ሳህሌ እዚያው ቆሞ ነበር። ረዳት በሹፌሩ ላይ አይናገርምና አልተናገረም። እኔ ሌላ መኪና ተሰጠኝ። እሱን ከዚያ ወዲያ ማንም ሹፌር አላሳፈረው። ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ «ታኮ አንሺው ሳህሌ» ተባለ።

ታውቂዋለሽ። ስትሪትሃም የሚኖረው ጋሽ ሳህሌ ነው፤ ለጥምቀት ስንገናኝ ከሩቅ ባርኔጣውን የሚያነሣው። ኩሩ ሰው ነው እያልኩ አሳድጌሻለሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ አንቺን ሂጂ ተናገሪ የምልበት አፍ የለኝም። አፍ እስካገኝ ጠብቂኝ። እሑድ ስትሪትሃም እሄዳለሁ።

አባትሽ


ዊልስደን
ጁን 17 ቀን 1997

ልጄ፤

እታለማሁ ልሸኝዎ ብላ ነበር፤ ብቻዬን ሄድኩ። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ቁጥሩን በአንድ ዓይን ስለማላየው ሴትዮዎች እየጠየቅሁ ነው። አንዷ «ጃማይካ ነህ?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት፣ ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ሙሉነሽ ናት። «ጋሽ ፀሐዬ! ምን ክፉ ነገር ደረሰ?» አለች። አልፈረድኩባትም፤ በአሥር ዓመት አንድ ቀን ደጇን ረግጬ አላውቅም። ሳህሌ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አልቀመጥም አልኩ። እሱም ቆሞ ቀረ። ሁለት ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ተፋጠን ቆምን፤ ቴሌቪዥኑ ከኋላችን ስለ ቴኒስ ያወራል።

«ሳህሌ፣» አልኩት፣ «ደብረ ሲና ላይ አንሣ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ለባለመኪናው ዋሽቻለሁ።»

«ይህንንም አውቃለሁ። እዚያው ቆሜ አልነበር?» አለኝ። «ለኔ ምን ይነግሩኛል? የማታውቀው እሷ ናት። ለሷ ይንገሯት።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እድላዊት፣ ለሱ ለመናገር የሠላሳ ሁለት ዓመት ጉልበት ሰብስቤ ሄጄ፣ ለሷ የሚሆን አላስተረፍኩም። ግን ዞሬ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ጨውን ሳይቀር።

ሙሉነሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ሲጋቡ ወንድሞቿ «ያን ቀልቃላ?» ብለው ሠርጓ ላይ አልቆሙም። ሰሐን በተሰበረ ቁጥር «ማን አንሣ አለህ?» ትለዋለች፤ ልጆቻቸውም ከሷ ለምደውታል። ይህን ሁሉ ራሷ ነገረችኝ። ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ሃያ ሰባት ዓመት ባንድ አልጋ ስንተኛ፣ ለኔ እንኳ እንዴት አትነግረኝም?»

ምን እንዳላት ልንገርሽ። «ሹፌሬ ሳይናገር?» አላት።

እታለማሁ እያለቀሰች ነው። ወረቀቱን ታበላሸዋለሽ እላታለሁ፣ አትሰማም።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። እኔም በለኝ አላልኩትም። ሙሉነሽ ወደ ማድቤት ገብታ ሳትወጣ ቀረች። ሳህሌ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ «ለነዚያ ለሹፌሮቹም ይንገሩ፤ ስሙን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው» አለኝ። እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ አፍ አግኝቻለሁ፤ አሁን አዝሻለሁ። ሂጂና ተናገሪ። መጀመሪያ ለዴል፣ ከዚያ ለፕሮፌሰሩ። በደብዳቤ አይደለም። ቆመሽ።

አባትሽ


ኦክላሆማ
ጁላይ 1 ቀን 1997

ውድ አባባ፤

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ምሳ ሳልበላ ጋራዥ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ደርሼ ተመልሼ ስለነበር መንገዱ አልጠፋኝም።

ዴል ምን አለሽ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ውሃውን ዘግቶ አዳመጠኝ። ስንት ዲግሪ ነበር ያጠፋሽው አለኝ። አርባ ሰባት አልኩት። «አርባ ሰባት» አለ። ከዚያ ውሃውን ከፍቶ ማጠቡን ቀጠለ። እስከ ዛሬ ያናገረኝ ይህንን ብቻ ነው።

ፕሮፌሰሩ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በአርባ ሰባት ዲግሪ እንዳዞር አዘዘኝ። ሳዞራቸው ሁሉም ሌሎቹ መኪኖች ካዩት ጋር ገጠሙ። ቶርኔዶው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው ያለፈን። የኛ ቡድን ከዚህ ቀርቦ ቀድቶ አያውቅም። ነፋሱ ከመሬት በላይ እንዴት እንደሚጠመዘዝ በየደቂቃው ይታያል። ሰዎች ከየቢሮው እየመጡ ያዩታል። እኔ ወንበሬን ለነሱ እለቃለሁ።

ዴል ከሰኞ ጀምሮ መኪናው ላይ ተመልሷል። እኔ ዘንድሮም የሚመጣውም ዓመት አልወጣም። ከዚያ በኋላ ይታያል ተብሏል። ስሜ ጽሑፉ ላይ ይግባ አይግባ ገና አልተወሰነም። ወንበሩ ለሌላ ተማሪ ተሰጥቷል፤ ቁጥሩን እንዴት እንደሚሞላ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የሚመጣው ሚያዝያ መኪናው ያለኔ ሲወጣ ምን ላድርግ?

አልቆጭም። ግን ኮሪደሩ ላይ ስሄድ ወሬ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ጋ ደግሞ ይብሳል። ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ቲኬትም ጠይቄያለሁ። ለዓይንዎ ሕክምና ልምጣና ክረምቱን እዚያው ልቆይ? ይፍቀዱልኝ። እርስዎስ ሹፌሮቹን ነገሯቸው ወይ?

ልጅዎ እድላዊት


ዊልስደን
ጁላይ 12 ቀን 1997

ልጄ እድላዊት፤

አትምጪ።

ይህን ቃል እታለማሁ አልጽፍም ብላ ነበር። ልጅ ልምጣ ስትል አትምጪ የሚል አባት አላየሁም አለችኝ። ይኸው ታይ አልኳት።

ላይሽ እፈልጋለሁ። በየቀኑ እፈልጋለሁ። ዓይኔ ሲፈታ መጀመሪያ ያንቺን ፊት ባይ ደስ ይለኛል። የምትመጪው ግን ለዓይኔ አይደለም፤ ከኮሪደሩ ለመሸሽ ነው። አንዴ ከሸሸሽ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ትሸሻለሽ፤ መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።

ሹፌሮቹን ነገሯቸው ወይ ብለሻል። ነገርኳቸው። ከአሰብ መንገድ ሹፌሮች እዚህ ሎንደን ያሉት አራቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሳቀ፤ ያረጀ ወሬ ነው አለ። አንዱ ተነሥቶ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። እሱ በሃምሳ ዘጠኝ ሳህሌ ሥራ ሲለምነው ከጋቢናው ገፍትሮ ያወረደው ነው። አሁንም አያናግረኝም፤ እኔን ይሁን ራሱን የጠላው አላወቅሁም። እኔ ግን በየእሑዱ እዚያው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ሳህሌ አልመጣም። ይምጣም ይቅርም የሱ ፈንታ ነው፤ የኔ ፈንታ መቀመጥ ነው።

አንቺም ተቀመጪ። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ጠረጴዛ አለ ብለሻል፣ ከበሩ አጠገብ። እሱን ጠይቂ። ሥዕሎቹን እዚያ አዙሪ። ወሬ ሲቆም ቀና በዪና ደኅና ዋላችሁ በዪ። የሚመልስ ይመልስ።

ለዓይኔ እታለማሁ ትወስደኛለች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች፤ ሌላ ሰው ከጠራሁ ደብዳቤ መጻፍ እንደምታቆም ዝታብኛለች።

የሚመጣው ሚያዝያ መኪናው ያላንቺ ሲወጣ ምን ላድርግ ብለሻል። ይህ ያመኛል፤ እኔ ሌላ ሰው መኪናዬን ይዞ ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አውቃለሁ። አንቺ አታዙሪ። ከጠዋቱ መጥተሽ ጎማውን ከነሱ ጋር እዪ፣ ውሃውን አቀብዪ። ሲነሡ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ለዴል እጅሽን አንሺለት። ባይመልስልሽም በማግስቱ እንደገና ቁሚ።

አባትሽ ፀሐዬ፤ በእታለማሁ እጅ